ነጠላዬን ያነሳሁ ዕለት

የዘይነብን ማረፍ የሰማሁት በረዶ ሸርተቴው ሥር ባለችው የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ልጆች ትኩስ ነገር የጠጡበትን ኩባያ ሳጥብ ነው። እህቴ ብርቱካን ከአሶሳ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ኖሯል። እጄን በሽርጤ ጠራርጌ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጅሽስ? እንግዲህ አትደንግጪብኝ፤ የሐዋ እናት ዘይነብ አርፋለች። ትናንት ቀበርናት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ሐዋ ግን አንጀታችንን በላችው። በቋንቋዋ አንድ ነገር እየደጋገመች ደረቷን ትመታለች። ምን ትላለች ብዬ ጎረቤቷን ረመዳንን ብጠይቀው፣ 'እናቴ፣ ትከሻሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ' ነው የምትለው አለኝ። ስንት ዘመኑ፣ እትዬ! ልጅ ሆና የሆነውን! እኔ ረስታው ነበር የሚመስለኝ።»

ኩባያው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አልወደቀም። የቀሩትን አጥቤ፣ አድርቄ፣ መደርደሪያው ላይ ደፍቻቸው ነው የተቀመጥኩት። ልማድ የሚሉት ይኼ ነው፤ ያንን ነገር ይዞ ሥራን መሥራት ለምጄዋለሁ።

ከዚህ በታች የምጽፈውን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለወለደችኝ እናቴ አልነገርኩም፤ ሳትሰማው አለፈች። ለንስሐ አባቴ በየጾሙ መግቢያ ቁጣዬንና ሐሜቴን፣ ጸሎት ላይ የመጣብኝን ሐሳብ ሳይቀር ስዘረዝር፣ ይኼን አንዱን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። ዜናው ከደረሰኝ ወዲህ ለአንዲት ሰው ነገርኳት። እሷም አላመነችኝም። እናንተ እመኑኝ።

የምኖረው ኖርዌይ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ባለሆቴሎቹና ባለምግብ ቤቶቹ ትልልቅ የበረዶ ሸርተቴ ተራሮች ሌላ ቦታ ናቸው፤ እዚያ የሚሄደው ኪሱ የቻለለት ነው። የእኛ አንድ ኮረብታ፣ ልጆቹን ሽቅብ የሚጎትት አንድ ገመድና አንዲት ጎጆ ናት። እግር ላይ የሚታሰረው መንሸራተቻ፣ ስኪውም፣ ጫማውም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የጎረቤት ልጅ እግር ሲያድግ ለእኛ፣ የእኛዋ ስታድግ ለሌላ። ምሳን በፌስታል ቋጥሮ መምጣት ነውር አይደለም። እኔም በጾም ወራት ሽሮዬን በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ማንም ዞሮ አያየኝም። ሥራውን የምንሠራው ወላጆች ነን፣ በየተራ። አንዱ ገመዱን ይጠብቃል፣ አንዱ ቋሊማ ይጠብሳል። አንዱ ደግሞ የልጆቹ መውረጃ የእግረኛውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ይቆምና፣ መንገደኛው አልፎ ሲያበቃ እጁን አንስቶ «ውረዱ» ይላቸዋል።

እኔ እዚያ ቦታ ቆሜ አላውቅም። ተራ የምታወጣው ጎረቤቴ ኢንግሪድ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፀሐዩ ደጅ ነው፣ አንቺ ምንጊዜም ከኩባያ ጋር! ኩባያ ነው እንዴ ያገባሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። ብርድ አልችልም እላታለሁ። ጾም ሲገባ ደግሞ ሰበቤ ይጨምራል፤ ጾመኛ ደጅ ሲቆም አቅም ያጣል እላለሁ። ጾሜን የውሸቴ መከለያ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ብርዱ ምን አደረገኝ? የፈራሁት እጄን ማንሳቱን ነው።

ልጄ ማርታ ከዳገቱ ስትወርድ በመስኮቱ አያታለሁ። ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች። የዚያን ጊዜ የማየው በረዶ አይደለም። የተኛ ሣር ነው የማየው። ሐዋን ነው የማየው።

ወላጆቼ ከወሎ በድርቁ ዘመን ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። አባቴ፣ «ደመና በናፈቀን ማግስት ዝናቡ አላቋርጥ ያለ አገር አወረዱን» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚያው፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ነው። ከእኛ መንደር ማዶ የቤርታዎቹ መንደር አለ። በመካከል አንድ ኮረብታ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጥና፣ የራሱ ክብደት አጥፎት ዳገቱ ላይ ይተኛል። የተኛ ሣር ታውቃላችሁ? ጠዋት ጤዛ ይዞት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አድርቆት፣ እንደ ተቀባ ቆዳ ያዳልጣል። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ነው፤ የሣር፣ የቀይ አፈር፣ ከማሳ የሚነቀል የለውዝ ሽታ።

ሐዋ እኩያዬ፣ የአንድ ክፍል ተማሪ፣ የአንድ ወንበር ተጋሪ ነበረች። አፏን የፈታችው በቤርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ሁሉንም ወንድ ታደርገዋለች፤ እኔንም «አንተ»፣ ላሟንም «አንተ»። አስተማሪያችን ሲያርማት፣ «ላም ሴት መሆኑን አውቃለሁ፣ አፌ ነው የማያውቀው» ትለው ነበር። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሒሳብ ላይ ግን ማንም አይደርስባትም፤ ዶክተር እሆናለሁ ትል ነበር፤ እኔም እንደምትሆን አልጠራጠርም ነበር።

የሸርተቴው ባለሙያ እሷ ናት። ቀርከሃ ሰንጥቃ፣ ጫፉን ውሃ እያርከፈከፈች እሳት ላይ ታሞቀዋለች፤ እሺ ሲላት በጉልበቷ አጉብጣ በልጥ ታስረዋለች። አፍንጫው ወደ ላይ የቀና ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ በላያቸው የቀርከሃ ርብራብ ትሠራበታለች። ሥሩን በጉሎ ፍሬ ታሸዋለች። «ፈረስ» እንለው ነበር። ዛሬ የኖርዌይ አባቶች የልጆቻቸውን ስኪ አገላብጠው ሰም ሲቀቡ ሳይ፣ ይኼን ሐዋ ታውቀዋለች እላለሁ በልቤ። ማን አስተማራት? ማንም።

ዳገቱ ላይ የምንውለው አራት ነን፤ እኔ፣ ሐዋ፣ የእነሱ ሰፈሩ ረመዳንና የእኛ ሰፈሩ ደስታ። ደስታ ማሽላውን ከዝንጀሮ ጠብቅ ተብሎ ወንጭፍ ተሰጥቶት የተላከ ነው። ዝንጀሮ ሰንበት አያውቅም ብለው በእሑድም ይልኩታል፤ እሱ ደግሞ ዝንጀሮውን ለእግዜር ትቶ እኛ ጋ ይመጣል።

ከዳገቱ ግርጌ ከምንጭ የሚመለሱ ሴቶች የሚያልፉበት መንገድ ያቋርጣል። የቤርታ ሴቶች እንደ እናቶቻችን በጀርባቸው አያዝሉም። ዘንግ በትከሻቸው ጥለው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክሙን አንጠልጥለው፣ እየተወዛወዙ ይሄዳሉ። ሲደክማቸው ሳይቆሙ ዘንጉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዞሩታል። አንዲት ጠብታ አትፈስም። ዘይነብን የመሰለ ግን አላየሁም፤ ስትራመድ መንገዱ ራሱ የሚሸከምላት ይመስል ነበር።

እንግዲህ ሕግ ነበረን። አንዱ ከግርጌ መንገዱ ዳር ይቆማል። መንገዱ ባዶ ሲሆን ነጭ ነገር ከፍ ያደርጋል፤ ከላይ ያሉት ያንን አይተው ይለቃሉ። ነጭ ነጠላ ያለኝ እኔ ነኝ። ከሰንበት ትምህርት ስመለስ እለብሰዋለሁና። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከግርጌ የምቆመው እኔ ነበርኩ። «ነጠላ ያለው አንተ ነህ፣ አንተ ቁም» ትለኛለች ሐዋ። እቆማለሁ። ደግሞም የታመንኩ ነበርኩ፤ ይታይሽ አትዋሽም፣ ይታይሽ ጸሎተኛ ናት የተባለልኝ። ያንን ስም እወደው ነበር። ከሐዋም አብልጬ እወደው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ያን ዕለት ሐዋ አዲስ ፈረስ ሠርታ መጣች። መጀመሪያ የምትወርድበት አንተ ነህ ብላ ቃል ገብታልኛለች። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ነው የሰነበትኩት። ስንደርስ ግን አገላብጣ አየችውና፣ «ልጡ አዲስ ነው፣ ቢበጠስ አንተ ትወድቃለህ። እኔ ልሞክር፣ ከዛ አንተ» አለች። ዛሬ ሳስበው ለእኔ አዝና ነው። ያኔ ግን ንቀት መሰለኝ። ቂሜን ይዤ ወረድኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ቆምኩ።

ከመታጠፊያው በኩል፣ ከሣሩ በላይ፣ የዘንግ ጫፍ አየሁ።

ይኼን ደጋግሜ እጽፈዋለሁ፤ አንብባችሁ እንዳታልፉት። የዘንጉን ጫፍ አየሁ። ሲወዛወዝ አየሁት፤ ሰው ከነሸክሙ እየመጣ እንደሆነ አወቅሁ። ማን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ይኼን ለሰበብ አይደለም የምለው፣ እውነት ስለሆነ ነው። በልቤ ያልኩት እንዲህ ነው፤ ሐዋ ሴትዮዋን ታያለች፣ ትደነግጣለች፣ ወደ ጎን ትጠመዝዘውና ጭቃው ውስጥ ትንከባለላለች፣ ሁላችንም እንስቅባታለን። ለዚህ ብዬ ነጠላዬን ፈታሁ። አነሳሁት። ከፍ አድርጌ አነሳሁት። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

አዲሱ ፈረስ እንደ ሐዋ ሥራ ሁሉ ፈጣን ነበር። ጊዜ አልሰጣትም። የሰማሁት የውሃ ቅሉን መሰበር ነው፤ ከዚያ ውሃው በቀዩ አፈር ላይ ሲሮጥ አየሁ። ከዚያ «እማ!» የሚል የሐዋ ድምፅ። ሴትዮዋ ዘይነብ ነበረች።

እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ መጀመሪያ ወደ ዘይነብ አልሮጥኩም። መጀመሪያ ነጠላዬን መልሼ ወገቤ ላይ አሠርኩት። ከዚያ ሮጥኩ። ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ሐዋም ልጅ ነበረች። የእኔ እጅ ግን ማንም ሳያስተምረው ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ዘይነብ በቀኝ ጎኗ ወድቃ፣ ክንዷ ከሥሯ ታጥፎ ታቃስታለች። ሐዋ ቀና ብላ አየችኝ። «አንስተሃል አይደል? ነጠላ አንስተሃል?» አለችኝ። አላነሳሁም አልኳት። ወገቤን አየች። የታሠረውን ነጠላ አየች።

ያን ምሽት ከየቤታችን ስንጠራ ደስታ በመንገድ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ይታይሽ፣ አንስተሽው ነበር እኮ። አይቻለሁ» አለኝ። «ዝም ባትል ማሽላውን ትተህ ዳገት ላይ እንደምትውል ለአባትህ እነግራለሁ» አልኩት። የአባቱን አለንጋ እናውቀዋለን። ዝም አለ። ስለዚህ የደስታም ዝምታ የእኔ ነው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሰፋሪና ቤርታ በሰላም እንዲያድር ትንሹም ነገር ሳይከርር በሽማግሌ ያልቅ ነበር። ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ የእኛዎቹ በአንድ ወገን፣ የእነሱ በሌላ። እኔ ተጠራሁ። አባቴ ጥግ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ጥፋቱ ከልጁ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እነዚያ ሰዎች ፊት ሊቆም ነው። ያንን ድንጋይ በአባቴ ትከሻ ላይ አየሁት። ይኼንንም ለሰበብ አልጻፍኩትም። ድንጋዩን ከአባቴ አንስቼ በሐዋ ላይ እንደጫንኩት እንድታውቁ ነው።

«ልጄ፣ ነጠላሽን አንስተሻል?» አሉኝ።

«አላነሳሁም» አልኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «እመቤቴን፣ አላነሳሁም» ብዬ ጨመርኩ። እንድምል ያዘዘኝ አልነበረም። ለምን ጨመርኩ? ይኼን ጥያቄ በየቅዳሴው እሰማዋለሁ።

ሐዋ፣ «ነጭ አይቻለሁ። ወላሂ ነጭ አይቻለሁ» አለች። ረመዳንን ጠየቁት፤ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ «ልጥ እያሠርኩ ነበር» አለ። ደስታም አላየሁም አለ። ያኔ ከቤርታ ወገን አንድ ለሰላም የሚጨነቁ ሽማግሌ፣ «ከከብቱ ጋር የሚውለው ሳቢሳ ይሆናል። ነጭ ወፍ ተነሥቶ ነው፣ ልጅ ተሳስቶ ነው» አሉ። ሁሉም ተነፈሰ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሐዋ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሳቢሳ ይሆናል» አለች። የገዛ ዓይኗን ትታ እኔን አመነች።

ዘይነብ ደግሞ ክንዷ በጨርቅ ታሥሮ፣ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ «ይሄን ልጅ ተወው። ይሄ ልጅ አይዋሽም። ይሄ ልጅ እግዜርን ይፈራል» አለችላቸው። ስለ እኔ ነው። ከጉያዋ የተቆላ ለውዝ አውጥታ በግራ እጇ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። በላሁት።

ወጌሻው አሸ፣ አሠረ፤ ትከሻው ግን ተጣሞ ነው የዳነው። ዘንግ የሚዞርበት አንድ ትከሻ ሲጠፋ ዘንግ መሸከም አበቃ። ዘንጉን ሐዋ ተቀበለች፤ ምንጩንም፣ እንጨቱንም፣ ገበያውንም። እናቴን እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እኔ ነኝ የምሸከምላት አለች፤ ትምህርቷን ተወች። አዲሱን ፈረስ ሰባብራ ምድጃ ከተተችው። ጠዋት ደብተሬን አቅፌ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ከምንጭ ስትመለስ እንገናኛለን። «ዛሬ ሒሳብ ምን ተማርክ?» ትለኛለች ሳትቆም፣ ዘንጉን እያዞረች። እነግራታለሁ። በቃሏ እያሰላች ትሄዳለች።

እኔ አሶሳ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ባምባሲ ተመደብኩ፣ አገባሁ። ሐዋ በሠርጌ በእጇ የሠራችውን የቀርከሃ ሰፌድ ይዛ መጣች። ዘይነብ ቀኝ እጇ ስለማይነሣላት በግራዋ መረቀችኝ። ያን ዕለት መናገር እችል ነበር። አገር ለቅቄ ስወጣ ልሰናበታቸው ሄጄ ነበር፤ ያን ዕለትም እችል ነበር። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ ያ ነበር፤ ተናግሬ መሄድ። አልተናገርኩም። ዳገቱን ግን ናፈቅሁት። የሚገርመው ይኼ ነው፤ የበደልኩበት ቦታ ከሁሉ አብልጬ የምናፍቀው ቦታ ነው። ናፍቆቴም ንጹሕ አይደለም፣ ሐዋ ያልቀመሰችው ናፍቆት ነውና። እሷ በዚያ ዳገት ሥር ዕለት ዕለት ስታልፍ ኖራለች።

ብርቱካን ከላከችልኝ መልእክት በኋላ ሐዋን ደወልኩላት። አለቀስን። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኳት። የዘንጉን ጫፍ እንዳየሁ፣ አይቼ እንዳነሳሁ፣ በሐሰት እንደማልኩ። ከዚያ፣ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ይታይሽ» አለችኝ። «ለእኔ አዝነህ ነው። ለእኔ ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። ጾም ላይ ነህ፣ ኃጢአት ነው። ሳቢሳ ነበር። እኔ ነኝ የሰበርኩት።» ማልኩላት። «አትማል፣ አንተ መማል አትወድም» አለችኝ። ጭራሽ አጽናናችኝ። በሐሰት ያገኘሁት ስም እውነቴን በላው።

ለንስሐ አባቴም ሄጄ ልነግራቸው ነው። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ የሚሰጡኝን ቀኖና እፈጽማለሁ። ዘይነብን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም፤ ያ በር ተዘግቷል፣ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ክረምት ሲወጣ ራሴ አገር ቤት መጥቼ፣ ከሁለቱም መንደር ሽማግሌ አስቀምጬ፣ በዚያው ማንጎ ሥር እቆማለሁ። እስከዚያ ግን ሐዋ እናቴን ሰበርኩ እያለች የምታድረው እያንዳንዱ ሌሊት በእኔ ይቆጠራል፤ እኔ ብቻዬን ደግሞ ይኼን ሸክም ላወርድላት አልቻልኩም።

ስለዚህ ልመናዬ ዳገቱ ላይ ለነበራችሁ ለሁለታችሁ ነው። ደስታ፣ ያስፈራራሁህ እኔ ነኝ፤ ለዝምታህ ማንም አይጠይቅህም። ሄደህ ያየኸውን ንገራት። ረመዳን፣ ያየህ ይመስለኛል፤ ወደ እኔ ያየህበትን ዓይን አልረሳሁትም። ካየህ አንተም ሂድ። በአማርኛ አትንገራት፤ በአማርኛ የሰማችው ሁሉ የእኔ ማጽናኛ ይመስላታል። በቋንቋችሁ፣ እናቷን ባለቀሰችበት ቋንቋ ንገራት። ዓይንሽ ልክ ነበር በላት። ከዚያ ብትረግመኝ እንዳታስቆሟት፤ «ልጅ ነበረች» ብላችሁም እንዳታማልዱኝ።